አይቶ የሚስቅ ሰው

ባቢሎናውያን እንቁላል የሚያበስሉት በወንጭፍ እያሽከረከሩ ነበር ይባላል። እሳት የለ፣ ድስት የለ፤ እንቁላሉን ወንጭፉ ላይ አድርጎ በኃይል ማዞር፣ ከዚያ ልጦ መብላት ነው። ይህን አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ አሰፈረው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ኦራዚዮ ግራሲ የተባለ፣ በሮም የሚያስተምር ኢየሱሳዊ የሒሳብ ሊቅ እንደ ማስረጃ ጠቀሰው። ክርክሩ በአየር ውስጥ የሚወረወር ነገር እየተፋተገ ይግላል ወይስ አይግልም የሚል ነበር። ባላንጣው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ነው።

ጋሊሊዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1623 «መዛኙ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትሞ መለሰለት። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) መልሱን በእኔ አፍ ላሳጥረው፦ እንቁላሉ አለን፤ ወንጭፉም አለን፤ ክንደ ብርቱ ጎረምሳም አልጠፋም። ታዲያ ቢያዞሩት ቢያዞሩት እንቁላሉ አልበስል አለ፤ ትኩስ ከነበረማ እንዲያውም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባቢሎናውያን ኖሯቸው እኛ ያጣነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እነሱ ባቢሎናውያን ናቸው፣ እኛ አይደለንም። ስለዚህ እንቁላል የሚያበስለው የአየር ፍትጊያ ሳይሆን ባቢሎናዊ ሆኖ መወለድ ነው!

ቀልዱ አራት መቶ ዓመት አልፎትም ያስቃል። የቆመው ማንም ሰው ቤቱ ገብቶ ሊሞክረው በሚችል ነገር ላይ ስለሆነ ነው፤ እንቁላል፣ ወንጭፍ፣ ክንድ። የማያምን ይሞክረው። (ለግራሲ ፍትሕ እንስጠው ካልን፣ ከጠፈር የሚመለስ መንኮራኩር በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንደሚግል ዛሬ እናውቃለን። የወንጭፍ ፍጥነት ግን ከዚያ እጅግ የራቀ ነው።)

ከዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረን ሌላ ነገር አለ። የጠቡ መነሻ እንቁላል አልነበረም፤ በ1618 ሰማይ ላይ የታዩት ባለ ጭራ ኮከቦች ነበሩ። ግራሲና ባልደረቦቹ ከተለያዩ ከተሞች የተወሰዱ ልኬቶችን አነጻጽረው፣ ኮከቡ ከጨረቃ በላይ ያለ እውነተኛ አካል ነው አሉ። ጋሊሊዮ በዚያ ወቅት ታሞ አልጋ ላይ ነበር፤ እንደሚገባ አላያቸውም። ያም ሆኖ በዚህም ተሳለቀ፤ ነገሩ ምናልባት የብርሃን ጨዋታ ብቻ ሊሆን እንደሚችል እየጠቆመ ግራሲን መሳቂያ አደረገው። ጊዜ ሲፈርድ እውነቱ ለግራሲ ሆነ። በእንቁላሉ የረታው ሰው በኮከቡ ተረታ ማለት ነው።

ምላሱ አንድ ነው፤ ስላቁም አንድ ነው። በአንደኛው አይቶ ሳቀ፣ በሌላኛው ሳያይ ሳቀ።

ይህን ያነሳሁት እኛ የቀልድ ድሃ ስላልሆንን ነው። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ በታክሲ ውስጥ በሚለጠፉት ጥቅሶች፣ አሁን ደግሞ በቲክቶክ፣ በተረብና በሽሙጥ የሚወዳደረን ያለ አይመስለኝም። ይህ ሀብት ነው። ጨዋታ አዋቂ ሰው አስተውለው ከሆነ ከማንም በፊት ዓይኑ ይሠራል፤ አለቃው ሲቆጡ መነጽራቸውን እንደሚያነሱ፣ የእድሩ ዳኛ ገንዘብ ሲነሳ ድምፃቸው እንደሚቀንስ ያየ እሱ ነው። እኛ የምንስቀው ሁላችንም አጠገቡ ቆመን ያላየነውን ስላሳየን ነው። ታዲያ ይህን ዓይን ለሰው ጉድለት ብቻ ማዋል ያሳዝናል። ወደ ዓለሙም ቢዞር ምን ያህል እንደሚያሳየን ለማወቅ አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1706 ቦስተን ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ለመልመድ ገባ። በ16 ዓመቱ መጻፍ ቢያምረውም ወንድሙ የእሱን ጽሑፍ እንደማያትም ስላወቀ፣ ባሏ የሞተባት የመካከለኛ ዕድሜ ሴት ነኝ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። በሌሊት በማተሚያ ቤቱ በር ሥር ያስገባዋል፤ ሲነጋ ወንድሙና ጓደኞቹ «ይህን የጻፈው ማን ይሆን?» እያሉ ሲያደንቁ እሱ እዚያው ቆሞ ሥራውን እየሠራ ይሰማል። 14 ደብዳቤ ወጣ። የከተማውን ሰካራም፣ የሴቶቹን ሰፋፊ ቀሚስ፣ በአባታቸው ገንዘብ ኮሌጅ ገብተው እንደገቡ የሚወጡትን ልጆች ሁሉ ጎሸም አደረጋቸው። ጢም ያላበቀለ ልጅ ባል የቀበረች ሴት ሆኖ ለመጻፍ ጆሮና ዓይን ካልሆነ ምን ይረዳዋል?

አድጎ የራሱን የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ማተም ሲጀምር ታይታን ሊድስ የተባለ ተፎካካሪ ገጠመው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሸጠው በኮከብ ቆጠራው ነው። ፍራንክሊንም በስላቅ «ከዋክብቱን ስመረምር ወዳጄ ሊድስ በ1733 ጥቅምት 17 ቀን ይሞታል» ብሎ አተመ። ቀኑ አለፈ፤ ሊድስም በሕይወት እንዳለ በቁጣ ጻፈ። የፍራንክሊን ምላሽ ሊድስ በርግጥ ሞቷል፣ ጨዋው ወዳጄ ቢኖር እንዲህ ያለ ስድብ አይጽፍም፣ ይህን የጻፈው ሌላ ሰው መሆን አለበት የሚል ነበር! ሰውዬው እስከ 1738 ኖረ፤ በፍራንክሊን መጽሐፍ ውስጥ ግን የሞተው ቀደም ብሎ ነው። ቀልዱን ከእንግሊዛዊው ጸሐፊ ከጆናታን ስዊፍት እንደወሰደው አይካድም። የሚወጋው ግን ሊድስን ብቻ አልነበረም፤ ፊቱ ከቆመው ሰው ይልቅ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የሚያምነውን አንባቢ ሁሉ ነው። በስልኩ ላይ ያነበበው ከመስኮቱ ውጭ ካለው ጋር ሲጋጭበት ስልኩን የሚያምን ሰው የማያውቅ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደምወደው ታሪክ እንምጣ።

በ1757 ፍራንክሊን በባሕር ላይ ነው፤ 96 መርከቦች አብረው ይጓዛሉ። ከሁለት መርከቦች ኋላ ያለው ውሃ ለስልሶ ተኝቷል፤ ከሌሎቹ ኋላ ያለው ግን በነፋሱ ይናወጣል። ገረመውና ካፒቴኑን ጠየቀ። ካፒቴኑ፣ ሁሉ የሚያውቀውን አንተ ብቻ የማታውቅ በሚል ፊት፣ ወጥ ቤቶቹ ቅባት ያለው እጣቢ ደፍተው ይሆናል ብሎት አለፈ። በሌላ አባባል፣ ይህም ይጠየቃል?

ፍራንክሊን በልጅነቱ የጥንታዊውን ሮማዊ የፕሊኒን መጽሐፍ ሲያነብ፣ መርከበኞች ማዕበል ለማብረድ ዘይት ባሕር ላይ ያፈሳሉ የሚል አግኝቶ ፈገግ ብሎ አልፎት ነበር። ይህን ራሱ ጽፎታል። እንደ ጋሊሊዮ ኮከብ ሳያይ የሳቀው ሳቅ መሆኑ ነው። አሁን ግን ሁለት መርከቦች ዓይኑ ሥር አሉ። ሳቁን ዋጠና ዕድሉ በተገኘ ጊዜ ልሞክረዋለሁ ብሎ ያዘው።

ዕድሉ የተገኘው ለንደን አጠገብ ክላፋም በሚባል ሜዳ ላይ ባለ ትልቅ ኩሬ ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ሄዶ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ። መጀመሪያ የቆመው ማዕበሉ ትልቅ በሆነበት ዳር ነበርና ነፋሱ ዘይቱን ወደ ዳር መልሶ አመጣበት፤ አልሆነም። ዞሮ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ሞከረ። ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት በሚያስደንቅ ፍጥነት እየሰፋ ሄዶ፣ ግማሽ ኤከር የሚሆነውን የኩሬውን ክፍል እንደ መስታወት አለሰለሰው። ሰው ብዙውን ጊዜ ነገር አልሆነልኝም ብሎ የሚመለሰው ከመጀመሪያው ዳር ነው። ኩሬውን ዞሮ ከወዲያ በኩል ለመሞከር ግን የግማሽ ሰዓት እርምጃ እንኳ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ፍራንክሊን ውስጡ ባዶ በሆነው የቀርከሃ ከዘራው ጫፍ ዘይት ይዞ መዞር ጀመረ፤ ውሃ ባገኘበት ሁሉ እንዲሞክር። ቀልደኛነቱም አልለቀቀውም። በአንድ የእንግሊዝ ባላባት ርስት ውስጥ ከእንግዶች ጋር ሲንሸራሸር፣ ይህን ውሃ ጸጥ ላሰኘው እችላለሁ አላቸው። ሳቁበት። ፈንጠር ብሎ ሄዶ፣ ደብተራ አስማት እንደሚደግም ሁሉ ከዘራውን ሦስት ጊዜ በውሃው ላይ አወዛወዘ። ውሃው ጸጥ አለ! እንግዶቹ በመደነቅ ሲተያዩ ከቆዩ በኋላ የከዘራውን ምስጢር ገለጠላቸው። ይህ ሰውዬ ለእኔ አርአያ የሚሆነኝ እዚህ ላይ ነው። ምስጢሩን ደብቆ ነቢይ መባል ይችል ነበር፤ አሳቃቸው፣ ከዚያ አስተማራቸው።

በ1773 ደግሞ በፖርትስመዝ ወደብ አጠገብ፣ ወደ ባሕሩ ዳር የሚመጣውን ትልቅ ሞገድ በዘይት ለማብረድ ከአንድ የባሕር ኃይል ካፒቴን ጋር ሞከረ። አልተሳካም። በ1774 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባተመው ጽሑፉ ውስጥ ግን የክላፋሙን ድል ብቻ ጽፎ ዝም አላለም፤ የፖርትስመዙንም ሽንፈት ዘርዝሮ አስገባ፤ ያልተሳካ ሙከራም ለሌላው ይጠቅማል ብሎ። እኛ ግን በሥራ ማመልከቻችን ላይ የምናሰፍረውን ያውቁታል።

በራሱ ላይ መሳቅም ያውቅበታል። በ1750 የገና ሰሞን ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ በኤሌክትሪክ ሊገድል ተዘጋጅቶ፣ ሰዎች ሲያወሩት ልቡ ተከፈለና ኃይሉን በሙሉ በራሱ ክንድና ሰውነት ውስጥ አሳለፈው። ራሱን ስቶ ቆየ፤ እጁ ደንዝዞ፣ ደረቱ ለቀናት ታመመ። ከዚያ ምን አደረገ? ቁጭ ብሎ ምን እንደተሰማው፣ ምን እንዳልተሰማው፣ አጠገቡ የነበሩት ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ በዝርዝር ጻፈ፤ በራሱም ቀለደ። ሌላው እንዲጠነቀቅ ለሚመለከተው ሰው እንዲነገር ፈቀደ፤ አደባባይ እንዳይወጣ ግን ለመነ፤ ስላፈረ። በራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው ከመሳሳት አይድንም። ስሕተቱን ሳይሸፋፍን ስለሚያየው ግን ከሁለተኛው ይድናል።

ማዕበል ሲነሳ እኛም የምናነሳው ሰው አለን። አለቃ ገብረ ሐና ሲባል አብዛኛው ሰው ጥርሱን ገልጦ ነው የሚሰማው፤ ቀልዳቸው ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥት እስከ ገበያ የሚነገር ነበር። (በስማቸው ከሚወራው ግማሹን እንኳ እሳቸው ተናገሩት ብዬ አልምልም፤ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ እሳቸው ደጅ ይጣላል።) ቀልዱ የጋረደው ሊቅነታቸውን ነው። አለቃ የጎንደር የአቋቋም መምህር ነበሩ። በቃል የወረደው ታሪክ እንደሚለው፣ በጣና ደሴት ሳሉ የሐይቁ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል፣ በዳርቻው ያለው ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ፤ ለልጃቸው ለተክሌም አስተማሩት። ጎንደር መጀመሪያ አልተቀበለውም ይባላል፤ ደብረ ታቦር ግን አቀፈው። ዛሬም የተክሌ ዝማሜ እየተባለ ይዘመማል። ጣናን ስንት ሰው አይቶታል! የሰው አረማመድና አነጋገር አይቶ በአንዲት ቃል የሚጥል ዓይን፣ ማዕበልንም ሲያይ ዝም ብሎ አላለፈም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምን ይፈይዳል? ቅርብ ካለው እንጀምር። ንጹሕ ማር ውሃ ውስጥ ሲጨመር ሳይሟሟ ብርጭቆው ሥር ይተኛል፣ ስኳር የተቀላቀለበት ግን ወዲያው ይበተናል የሚል ምክር ሳይሰሙ አልቀሩም። አንዱ አምኖ ይፎክርበታል፤ ሌላው «የባልቴት ወሬ» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም አላዩም። በሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቅዱ፤ በአንደኛው ከቀፎው ሲቆረጥ የሚያውቁትን ማር፣ በሌላኛው ወፍራም አድርገው ያፈሉትንና የቀዘቀዘውን የስኳር ሽሮፕ በማንኪያ ይጨምሩ። ሁለቱም ሥር ቢተኙ ምክሩ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ያውቁታል፤ ባይተኙም ያውቁታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማር ተራ ሲሄዱ የሚቀልዱት ቀልድ ደግሞ እግር ይኖረዋል።

በሥራም እንዲሁ ነው። «እዚህ ሰፈር ጁስ አይሸጥም» ያለዎት ሰው በየትኛው ሰዓት፣ ስንት ቀን ቆሞ አየ? እርስዎ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ተማሪዎች ሲለቀቁ ይቁሙና ልጆቹ ምን ገዝተው እንደሚሄዱ ይቁጠሩ። ምናልባት ሰውዬው ልክ ነው፤ ገንዘብዎ ተረፈ። ምናልባት ስቶ ነው፤ ሥራ ተገኘ። በሁለቱም ያተርፋሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ሁላችን እናውቃለን፤ የሚረሳው ጥርጣሬም እግር ኖሮት እስከ ቦታው ካልሄደ ሐሜት ሆኖ መቅረቱ ነው።

የትምህርት ቤት በር የተዘጋባቸው ሰዎች በተለይ የሚቀጥለውን ይስሙኝ። ያች ካፒቴኑ የናቃት እጣቢ በታሪክ ውስጥ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። አግነስ ፖክልስ በ1862 የተወለደች፣ በጀርመን ብራውንሽቫይግ የምትኖር ወጣት ነበረች። ፊዚክስ ትወድ ነበር፤ በዘመኑ ሴት ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ቤት ሆና የታመሙ ወላጆቿን ታስታምማለች፣ ሳህን ታጥባለች። በ20 ዓመቷ ገደማ ቅባትና ሳሙና የውሃውን ገጽ እንዴት እንደሚለውጡት ማስተዋል ጀመረች፤ የቆርቆሮ ገንዳ፣ ገጹን የሚገፋ ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭና ትንሽ ሚዛን አዘጋጅታ ለዓመታት ለካች።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ታላቁ ሳይንቲስት ሎርድ ሬይሊ የፍራንክሊንን ማንኪያ እንደገና አንስቶ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ግማሽ ኤከር 2,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የማንኪያዋ ዘይት በዚያ ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ ሚሊ ሜትርን ሚሊዮን ቦታ ብንከፍለው ሁለት እጅ ያህሉ ብቻ ይሆናል። ይህ ወደ አንዲት የዘይት ሞለኪውል ቁመት የቀረበ ነው! ፍራንክሊን ኩሬው ዳር ቆሞ ሞለኪውል ሊለካ አንዲት ማካፈል ብቻ ቀርታው ነበር፤ አላሰበውም። ሬይሊ በ1890 የዘይቱን ውፍረት ለካና አሳተመ።

አግነስ ወንድሟ የፊዚክስ ሰው ስለነበር ጽሑፉን አገኘችው። በጥር 1891 ለሬይሊ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፈችለት። ዲግሪ የላት፣ ቤተ ሙከራ የላት። ሬይሊ አልሳቀም፤ ባለቤቱ ተረጎመችለት፣ እሱም ኔቸር ለተባለው መጽሔት ላከውና በመጋቢት ወጣ። የእሷ ገንዳ ኋላ አሜሪካዊው አርቪንግ ላንግሙየር ለሠራበት መሣሪያ መነሻ ሆነ፤ እሱ በ1932 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፣ እሷም በዚያው ዓመት በ70 ዓመቷ ከከተማዋ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀበለች።

ዛሬ ማታ እራት ተበልቶ ሳህን ሲታጠብ፣ ንጹሕ ውሃ በሰፊ ሳህን ይቅዱና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይበትኑበት። ልጆቹን ይጥሩ። እንደ ፍራንክሊን አስማት የሚደግሙ ይምሰሉ፤ ጣትዎን ፈሳሽ ሳሙና አስነክተው መሐሉን ይንኩት። በርበሬው ደንብ አስከባሪ እንዳየ የጎዳና ነጋዴ ሁሉ ወደ ዳር ይሸሻል። ልጆቹ «እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጮኹ ስልክዎን አያንሱ፤ «እናንተስ ምን አያችሁ?» ይበሏቸው። ከዚያ በዘይት፣ በወተት፣ በስኳር ይደግሙት፤ ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ።